ቀኑን እንጂ ስፌቱን አላየሁም

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትይ ይይዝሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃውን እሺ ይላታል? ባለቤትሽ ጋሼስ ደኅና ናቸው? መንቶቹስ? ትልቋ ልጅሽስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሁላችሁንም ደኅና ያሰንብትልኝ። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ሰውነቴስ ደኅና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሌላው ነው ደኅና ያልሆነው። እማዬ ስታሳድገን ጤና ሳይጠያየቁ ጠብ አይጀመርም ትለን ስለነበር ነው ጤናሽን ያስቀደምኩት። ይኸው ጠየቅሁ። አሁን ወደ ጠቡ እንሂድ።

ስልኬን ካላነሳሽ ሦስተኛ ሳምንትሽ ነው። የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ግን ሰምቼዋለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ሐሙስ ጠዋት የውድድሩ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ፤ እዚያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ቀበቶ የሰፋው ማን ነው? ዛሬ ማክሰኞ ነው። መልሱን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

መምህሯን በስልክ አንስቼልሽ ነበር፤ ልጆች ሒሳብ የምታስተምረውን፣ እሁድ እሁድ ደግሞ አሮጌ ቀይ መኪናዋን እያስጓራች የምትወዳደረውን። እዚህ እኛ ጋ የሚወዳደሩት ባለጸጎች እንዳይመስሉሽ። ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ አለች። ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጥበት ግቢ ሞታ የተጣለች መኪና በርካሽ ይገዙና ነፍስ ዝሩባት ብለው ያመጡልናል። ሞተሩን ሌሎቹ ይሠሩታል፤ የእኔ ሥራ መቀመጫና ቀበቶ ነው። ባለጋራዡ ለደንበኛ ሲያስተዋውቀኝ ይሄ ሰውን ከመኪና ጋር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው ይላል። ልክ ነው። እኔም ሥራዬን የማየው እንደዚያ ነው፤ ልክ ወስዶ መስፋት።

መምህሯ መጀመሪያ ይዛ የመጣችው ወንበር ከአንድ የቤት መኪና የተነቀለ፣ ስፖንጁ ወፍራም፣ ጀርባው ወደ ኋላ የሚተኛ ነበር። ሳሎን ለመቀመጥ ነው ወይስ ለመወዳደር ብዬ ቀለድኩባት። ጀርባው የሚተኛ ወንበር በግጭት ጊዜ ይሰበራል፤ ወንበሩ ከተሰበረ ደግሞ ቀበቶው የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚይዘው ነገር የለም። ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ያገለገለ የፋይበር መቀመጫ አብረን ፈለግን። በጣቴ አንጓ ከላይ እስከ ታች እያንኳኳሁ አዳመጥኩት፤ የተሰነጠቀ ፋይበር ሲያንኳኩት ድምፁ ይታፈናል። ደኅና ነበር። ዳሌዋ ላይ ስለሰፋባት ግራና ቀኙን ስፖንጅ ቀርጬ ሞላሁ፤ ልባሱንም ራሴ ሰፋሁላት። የመኪናው ወለል ዝገት በልቶት ነበር። የተበላውን ቆርጬ አዲስ ላሜራ አስበየድኩ፤ ከሥር በእያንዳንዱ ቡሎን መዳፍ የሚያህል ወፍራም ብረት አደረግሁ፤ ግጭት ሲመጣ ቡሎኑ ወለሉን በስቶ እንዳይወጣ።

ቀበቶውንም እንደዚሁ። ስድስት ጫፍ ያለው ነው፤ ሁለቱ ለትከሻ፣ ሁለቱ ለዳሌ፣ ሁለቱ በእግር መሐል የሚወጡ። የዳሌው አጥንት ላይ እንጂ ሆድ ላይ መቀመጥ የለበትም። የትከሻው ከትከሻ ተነስቶ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ፣ ቢበዛ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ከተበየደው ቱቦላሬ ጋር ይታሰራል። ለሥራ የሚሰንፍ ሰው ወደ ወለል አውርዶ ያስረዋል፤ ያኔ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ቁልቁል ይጫናል። ሙሉ ልብሷንና የራስ ቁሯን አስለብሼ ነው የለካኋት። ስለካ ስፈታ ስለካ ስፈታ ሃምሳ ደቂቃ ታስራ ተቀመጠች። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይሄን ቀበቶ ለእኛም ስጡን፣ ክፍል ውስጥ አንድ ቦታ አትቆምልንም ይሉ ነበር አለችኝ።

ቀበቶው ከየት እንደመጣ መቼም አትጠይቂኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ልከሽልኛል። የእሽቅድምድም ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ስለምትሠሪ፣ ቀለማቸው ትንሽ ስለተዛባ ብቻ ከፋብሪካ የተመለሱ አዲስ ቀበቶዎች ናቸው ብለሽኝ ነበር። ቀበቶ እንደ መድኃኒት የሚያበቃበት ዓመት አለው። ፀሐይ ክሩን ይበላዋል፤ አንዴ ግጭት ያየ ደግሞ ተስቧልና ሁለተኛ አይታመንም። ስለዚህ ዓመቱ ዳር ላይ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ይጻፋል፤ ዓመቱ ያለፈበትን ያሰረ ሰው ወደ ውድድር አይገባም። የሌላ ሰው ቀበቶ ሲመጣልኝ ክሩን በጥፍሬ እየፈተሽኩ፣ በብርሃን እያየሁ፣ እያሸተትኩ ጭምር እመረምራለሁ። ያንቺ ሲመጣ ግን ቀኑን አንብቤ እሰቅለዋለሁ። ባለጋራዡ አንድ ቀን ይሄንንስ ለምን አትመረምረውም ቢለኝ፣ የላከችው እኮ እህቴ ናት አልኩት። እንዲያውም ተቆጣሁት።

የዛሬ ወር ግድም፣ በሦስተኛው ዙር፣ ከመምህሯ ፊት ያለው መኪና ዘይት አፈሰሰ። ተንሸራትታ መንገዱ ዳር ከተከመረው ጎማ ጋር ተላተመች። ከባድ ግጭት አልነበረም፤ ከእሱ የባሰ ገጥሟቸው ወርደው አቧራቸውን አራግፈው የሄዱ አይቻለሁ። እሷ ግን አልወረደችም። የግራ ትከሻዋ ቀበቶ፣ ርዝመቱን የምናስተካክልበት ብረት ጋ ሲደርስ ተተልትሎ ተበጥሷል። ደረቷ መሪው ላይ አረፈ። ሁለት የጎን አጥንቷና የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። እኔ ነኝ ዘለበቱን የፈታሁላት። መተንፈስ አቅቷት እጄን ጨብጣ ስትይዘኝ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ወዲያው ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቀበቶውን ስለት ያለው ብረት ላይ አሳልፎ ነው አሉ፤ ማዕዘኑን ስቶ ነው አሉ። የውድድሩ ፈታሽ መጡ። ሜትራቸው ከኪሳቸው ስለማይለይ ሰው ሁሉ ሴንቲሜትር ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ለኩ። ከመቀመጫው አንዲት ቡሎን አልተነቃነቀችም። ማዕዘኑ ልክ ነው፣ የብረቱ ጠርዝ በሙሉ ተሞርዷል። ይህን መቀመጫ የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደስ አለኝ እትዬ። ሰው ተሰብሮ ተኝቶ እኔ ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ የተበጠሰውን ጫፍ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው አሸተቱት። እንካ አንተም አሽትት አሉኝ። በረኪና። የፀሐይ ብጫታውንና የዘይት እድፉን ለማስለቀቅ በበረኪና ታጥቧል፤ በረኪናው ደግሞ ክሩን ከውስጥ ጨርሶታል። ቀጥለው የቀኗን ጨርቅ በምላጭ ቀስ ብለው ፈቱ። ከሥሯ የቀበቶው ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ከዳር ያለው የነጣ። የድሮው ጨርቅ የተሰፋበት የመርፌ ቀዳዳ በረድፍ ይታያል። ሴንቲሜትር የአዲሱን ስፌት ጀርባ ገልብጠው አዩ። ዞረው እኔ የሰፋሁትን የመቀመጫ ልባስ ገለበጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጉና ይሄ የአንድ እጅ ነው አሉ።

ክው አልኩ። ክሩን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ፣ አንዴ አግድም ቆልፎ፣ ጫፉን ከስፌቱ ሥር መደበቅ። እማዬ ለአንቺ፣ አንቺ ለእኔ ያስተማርሽው። እኔ በሌላ ሰው እጅ አይቼው አላውቅም። አሥራ ሁለት ቀበቶ በእጄ ሲያልፍ ያላየሁት ለዚህ ነው፤ ሰው የራሱን ቤት ሽታ አያውቀውም። ባዕድ ስፌት ቢሆን ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። የአንቺ ግን ለእኔ ስፌት ማለት ራሱ ነው። ቀኑን አነበብኩ እንጂ ስፌቱን አላየሁም።

ሴንቲሜትር ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበቡ አላውቅም። ባለጋራዡ ግን አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ የተገለበጠውን ልባስ አቃንቼ መልሼ ማልበስ ያዝኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ። መሣሪያዬን የያዘው ሳጥን ቁልፍ ከእኔ ተወስዷል። ሰባት ዓመት አብሮኝ ሻይ የጠጣው በያጅ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልሰው።

አሁን፣ ነገሩን በአጭሩ ጽፌልሽ ወደላክሽልኝ መልእክት ልምጣ። አራት ደቂቃ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሴትዮዋ ተርፋለች ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም። ቀኑ የነጋዴ ተንኮል ነው፣ ቶሎ ቶሎ እንድንገዛ ነው አልሽ። ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ እዚህ ይህን የማያደርግ የለም፣ እኔ ለስንቱ ጋራዥ ልኬያለሁ አንድም ሰው አልሞተም አልሽ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ፤ ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ታባብይበት በነበረው ድምፅ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ በላቸው አልሽኝ። አንተን ያውቁሃል፣ ይወዱሃል፣ ቢቀጡህ አንድ ዓመት ነው፤ እኔ ልጆች አሉኝ፣ እማዬም ያለችው በእኔ ጉያ ነው። ስፌቱ እንደሆን አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል አልሽ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ግን ከፈረሱ በመውደቄ እንኳ ላለቅስ አልቻልኩም፤ ፈረሱ ደግሞ ተነስተህ ተሸከመኝ አለኝ። በረኪናው አላስከፋኝም ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሰው ይቸግረዋል፣ ሰው ይሳሳታል። ቀን መቀየሩም የነጋዴ ነገር ነው፤ ከአሁን በፊት እኔ ራሴ በዚያ ቀን ጉዳይ ቀልጄ አውቃለሁ። አንጀቴን የቆረጠው ያ የመጨረሻው ቃልሽ ነው። ስፌታችን አንድ መሆኑን አስበሽበታል። ስትሰፊው ነው ያሰብሽው ወይስ በኋላ? ይህን ብቻ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደግሞ ሌላ የሚያንገበግበኝ አለ። ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ መርፌ ላይ ክር የምታስገባልሽ እማዬ ናት፤ በእሷ ዕድሜ ያ ዓይን እያልሽ ስታደንቂያት ነበር። ምን እንደምትሰፊ ነግረሻታል? ወይስ የመንቶቹ ሱሪ ነው ብለሻት አጠገብሽ ተቀምጣ ክር ስታስገባ ነበር?

እንዳይመስልሽ፣ እሺ ልልሽ ነበር። ልጅ ሳለሁ የደንበኛ ጨርቅ በመቀስ ስቀድ እኔ ነኝ ብለሽ የተገረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ያንን የምረሳ ሰው አይደለሁም። ያኔ የተቀደደው ጨርቅ ነበር፣ ዛሬ ሰው ነው እያልኩም ቢሆን፣ ልቤ ወዳንቺ ያጋድል ነበር። ትናንት ግን መምህሯን ልጠይቅ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ በጠባብ ሳሎኗ ትራስ ተደጋግፋ በቀኝ እጇ የተማሪዎች ደብተር ታርማለች። ገና ስገባ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን! ቀበቶውን አጥብቄ ሳልስበው ቀርቼ ይሆናል፣ በእኔ ስህተት ከሥራ ታገድክ፣ ለኮሚቴው ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ አለችኝ። ወር ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ስታብሰለስል ኖራለች። እውነቱን ሳልነግራት ወጣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ከዚያ በቀጥታ፣ ከጅምሩ ማድረግ የነበረብኝን፣ የቀሩትን አሥራ አንድ ቀበቶዎች ፍለጋ ሄድኩ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣና ውሰድ፣ እኔን መቼም የሚይዘኝ ሆዴ ነው አለኝ። ፖስተኛው መኪናውን ከፍቶ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። የሁሉንም የቀን ጨርቅ ፈታሁ። አሥራ አንዱም ከሥር የድሮ ቀዳዳ አላቸው። አንዱን ለሴንቲሜትር አስቀርቼ አሥሩን በመቀስ ቆራረጥኳቸው። የቆረጥኩበት መቀስ ወደዚህ ስመጣ የሰጠሽኝ ነው፤ ሌላ መቀስ ስለሌለኝ ነው እንጂ ለነገር ብዬ አይደለም።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አቁሜ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከኮሚቴው መመለሴ ነው።

አምስት ሰዎች ናቸው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ ያ ቀበቶ። ሴንቲሜትር ጠየቁኝ፤ ይሄን የሰፋኸው አንተ ነህ? ማክሰኞ ስጽፍልሽ ምን እንደምመልስ ገና አልቆረጥኩም ነበር፤ ትናንትም አልቆረጥኩም። እዚያ ስቀመጥ ግን የመጣብኝ የአንቺው ቃል ነው፦ ለስንቱ ጋራዥ ልኬያለሁ። እኔ ነኝ ካልኩ እዚህ ያለው ይዘጋል፤ የእኔ አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አልቀዋል፣ ጉዳዩ አበቃ ይባላል። ሌላ ጋ ታስረው የሚነዱትን ማንም አይፈልጋቸውም። ስለዚህ ነገርኳቸው። እህቴ ናት አልኩ። ባለጋራዡን የተቆጣሁበትን ያንኑ ቃል ነው የደገምኩት፤ አሁን ግን ጮክ በል አሉኝ። ስምሽን፣ የሱቁን ስም፣ ዕቃ የላክሽበትን አድራሻ በራሴ እጅ ጻፍኩላቸው። የሥራ እገዳውን አንስተውልኛል። ሳልመረምር በማሰሬ ግን እስከ ውድድሩ ዘመን ማብቂያ ቀበቶ እንዳልነካ ወስነውብኛል፤ መቀመጫ ብቻ እሠራለሁ። ተገቢ ነው፣ አልተከራከርኩም። ለመምህሯም ሄጄ እነግራታለሁ፤ ያንን ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ።

ትራገሚኝ ይሆናል። ሸጠኸኝ ትይ ይሆናል። በይኝ። እኔም እንደ ተሸጥኩ ነው የሚሰማኝ፤ ሁለት የእናት ልጆች ተሻሽጠን ማን እንዳተረፈ አላውቅም። የኮሚቴው ደብዳቤ ለሱቅሽ ከመድረሱ በፊት ይህ እንዲደርስሽ ብዬ ነው ዛሬውኑ የምልከው፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ አልነግራትም፤ አንቺው ንገሪያት፣ ሌላ ሰው ከነገራት ይከብዳታል። ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የሚያውቁ ከሆነ አዝኛለሁ፣ የማያውቁ ከሆነ ደግሞ እግዜር ያጽናቸው። መንቶቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ አጎታችሁ ኳስ ይልካል ብለሽ የገባሽላቸውን ቃል ያፈርሰዋል ብለሽ እንዳትሰጊ፣ ገዝቼዋለሁ። ትልቋን በርቺ በያት። ጎረቤታችሁን፣ ስልክሽ ሲዘጋ በእሷ በኩል የምደውልልሽን፣ አመስግኚልኝ።

ለአንቺ ደግሞ ሰላምታ ሳይሆን አንድ ልመና ነው ያለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ በየቦታው ውድድር አለ። ከዚያ በፊት ቀበቶ የላክሽላቸውን ጋራዦች ዝርዝር ጻፊ፤ አንድም ሳይቀር። ጽፈሽ ስታበቂ ግን ለእኔ አትላኪው፣ በቀጥታ ለኮሚቴው ላኪው። እኔ ከአንቺ እጅ የመጣ ነገር ሲደርሰኝ ሳልመረምር መቀበል ነው የለመድኩት፤ ይህኛው ደግሞ መመርመር አለበት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ ጥቅምት 12 ቀን